ዘንዶው ከሞተ በማግሥቱ፦ ተረት መርጦ እንደ አዲስ ስለ መተረክ

የጥንት ተረት አንስቶ ባዲስ መልክ መጻፍ በኛ ዘንድ የተለመደ ሥራ ነው። ብዕር የሚሞክር ተማሪ ሁሉ አንድ ቀን እጁ ወደ ተረት መሄዱ አይቀርም። ደግ ነው። ዳሩ ግን ብዙውን ጊዜ «አዲስ» የምንለው ነገር ልብስ ከመቀየር አያልፍም። ጦጣዋን ከዛፍ አውርደን ቢሮ እናስቀምጣታለን፤ ለጅቡ ከረባት እናስርለታለን፤ አንበሳውን ሥራ አስኪያጅ እናደርገዋለን። መጨረሻው ላይ ግን ጦጣ ያው ብልጥ፣ ጅብ ያው ሆዳም፣ አህያም ያው ተበዪ ናት። አንባቢው ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ መጨረሻውን ያውቀዋል። ታዲያ ምኑ ላይ ነው አዲስነቱ?

ነገሩ የሚበላሸው ገና ስንመርጥ ይመስለኛል። ተረት የምንመርጠው ስላሳቀን ወይም ምክሩ ስለተስማማን ብቻ ከሆነ የምንጨምርበት ነገር አይኖረንም፤ ሳቁ ተስቋል፣ ምክሩም ተመክሯል። ሊመረጥ የሚገባው እርስ በርሱ የሚጣላ ተረት ነው። ማለትም በየዘመኑና በየቦታው ልዩ ልዩ ሰው በልዩ ልዩ መንገድ የተረከው፣ ቤተ መንግሥቱም ገዳሙም ባላገሩም «የኔ ነው» ያሉት ተረት። እንዲህ ባለ ተረት ውስጥ ገና ያልተቋጨ ክርክር አለ። አዲስ ጸሐፊ መግባት ያለበት በዚያ ክርክር በር ነው።

ለዚህ ምሳሌ ይሆነኝ ዘንድ የመረጥኩት የዘንዶውን ንጉሥ የአርዌን ተረት ነው። ሁላችንም የምናውቀው ይመስለናል። እስቲ ግን የመጣበትን መንገድ ከሥሩ እንከተለው።

1. «ብገድለው ምን ትሰጡኛላችሁ?»

«አርዌ» በግእዝ አውሬ ማለት ነው፤ «አርዌ ምድር» ሲባል ደግሞ እባብ። የዛሬው «አውሬ» የሚለው ቃላችንም የዚያው ዘመድ ነው። ተረቱ እንደሚለው በጥንት ዘመን የአክሱምን አገር የሚገዛው ዘንዶ ነበር። ሕዝቡ ይገብርለታል። ግብሩ ከብት ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ሴት ልጅም ይጨመርበታል። ተራው የደረሰው ቤተሰብ ልጁን አውጥቶ ይሰጣል፤ ተራው ያልደረሰው «ተመስገን» ብሎ በሩን ዘግቶ ይተኛል።

አንድ ቀን አንጋቦ (አንዳንዶች አጋቦስ ይሉታል) የሚባል ሰው ይመጣል። ዘንዶውን ብገድልላችሁ ምን ትሰጡኛላችሁ? አላቸው። እናነግሥሃለን አሉት። ማሉለትም። አንጋቦ ጦር ሰብቆ አልገጠመም፤ ፍየል መርዝ አበላና ለዘንዶው አቀረበለት። ዘንዶው ዋጠ፤ ሞተ። ሕዝቡም በመሐላው መሠረት አንጋቦን አነገሠው። በብዙ ሰው አፍ የምትነገረው ማክዳ፣ የሳባ ንግሥት የምትባለው፣ የዚህ ሰው ልጅ ናት፤ አባቷ ሲሞት አልጋውን ወረሰች።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ይህን ተረት ስንሰማ የምናስታውሰው ፍየሉንና መርዙን ነው። የተረቱ አከርካሪ ግን ውሉ ነው። ሕዝቡና ገዳዩ የተዋዋሉት ዘንዶው በሕይወት ሳለ ነው፤ ዋጋውም አስቀድሞ ተቆርጧል። ከዚያ በፊት ግን «ዘንዶው ከሞተ በኋላ ግብሩ እንዴት ይሁን? ልጆቻችንስ?» ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው በተረቱ ውስጥ የለም። ሲጨንቃቸው ማሉ፣ ሲገላገሉ አነገሡ። መቼም የተጨነቀ ሰው ውል አያነብም።

2. ተረቱ ቤተ መንግሥት ገባ

በየገዳማቱና በየአድባራቱ ከተጻፉት የነገሥታት ዝርዝሮች ብዙዎቹ የሚጀምሩት በአርዌ ነው። 400 ዓመት ገዛ ይላሉ። ከሱ ቀጥሎ አንጋቦ ይመጣል። ኢጣሊያዊው ኮንቲ ሮሲኒ እነዚህን የአክሱም ነገሥታት ዝርዝሮች ሰብስቦ በ1909 (እ.ኤ.አ.) አሳትሟቸዋል። በአንዳንዶቹ ዝርዝሮች በአንጋቦና በማክዳ መካከል ሌሎች ነገሥታት ሲገቡ፣ የቃሉ ተረት ግን ሁለቱን አባትና ልጅ አድርጎ አቀራርቧቸዋል። ከሁሉ የሚደንቀው ዘንዶው ከነገሥታቱ ተርታ መቆጠሩ ነው። ጠላት ነው፣ አውሬ ነው፣ ልጅ በላ ነው፤ የግዛቱ ዘመን ግን እንደ ማንኛውም ንጉሥ ተቆጥሮለታል። የዝርዝሩ ጸሐፊ አስቦበትም ይሁን ሳያስበው ትልቅ ነገር ተናግሯል፤ ዘንዶውም ገዳዩም የተቀመጡት ባንድ አልጋ ላይ ነው።

በ14ኛው መቶ ዘመን (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ መልኩን የያዘው ክብረ ነገሥት ደግሞ ክብደቱን ያሳረፈው በሌላ ቦታ ነው። ነጋዴው ታምሪን ስለ ሰሎሞን ጥበብ ለንግሥቲቱ ይነግራታል፤ ኢየሩሳሌም ትወርዳለች፤ ከሰሎሞን ምኒልክን ትወልዳለች፤ ታቦተ ጽዮንም ወደ ኢትዮጵያ ትመጣለች። ይህ የተጻፈው ራሱን የሰሎሞን ዘር የሚለው ሥርወ መንግሥት በ1270 (እ.ኤ.አ.) በይኩኖ አምላክ ከተመሠረተ ከጥቂት አሥርት ዓመታት በኋላ ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በአንጋቦ ተረት ንጉሥ የሚኮነው ሕዝብ በሰጠው ቃል ነው፤ በክብረ ነገሥት ግን በመወለድ ነው። ውሉ ወደ ኋላ ቀረ፣ ዘሩ ወደ ፊት መጣ። ቢያንስ አንጋቦ ሰዎቹን ጠይቋቸው ነበር እኮ!

ይህ ነገር በብራና ላይ ብቻ አልቀረም። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱ ዘር ከንጉሥ ሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ልጅ ከምኒልክ ሳይቋረጥ እንደሚወርድ በአንቀጽ ደነገገ። በ1948 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣውም ይህንኑ ደገመው። እሳት ዳር የሚወራ ተረት የሕግ አንቀጽ ሆነ ማለት ነው። ተረትን መጠርጠር ሕግን እንደ መጠርጠር ተቆጠረ።

የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። እኒሁ ሰው ከዚያ ቀደም ብሎ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን «የአውሬዎች ኮመዲያ» የተባለውን፣ የመጀመሪያው ዘመናዊ የአማርኛ ቴአትር የሚባለውን ሥራ የጻፉ ናቸው። ለዚያ ሥራ የመረጡት የፈረንሳዊውን የላ ፎንቴንን የእንስሳት ተረቶች ነበር። ቴአትሩ ለመኳንንቱ ታየ፤ በመድረክ ላይ የቆሙት አውሬዎች እነማን እንደሆኑ ለተመልካቹ አልጠፋውም፤ ታገደ። እንግዲህ አንድ ሰው በሕይወቱ ሁለት ተረት ገጥሞታል ማለት ይቻላል። አንዱ የባዕድ ነው፤ ግን ያገሩን አስተዳደር ገመና አወጣበት። ሌላው ያገር ነው፤ ግን ባለቤት ነበረውና በአንቀጽ ከመታሰር በቀር የሚነካ አልነበረም። ተረት ስንመርጥ «ይህ ተረት ዛሬ በማን እጅ ነው?» ብለን መጠየቅ ያለብን ለዚህ ነው።

በሌላ ወገን ደግሞ የአዲስ አበባ ሠዓሊዎች በ20ኛው መቶ ዘመን (እ.ኤ.አ.) ይህንኑ ታሪክ በአቡጀዲ ላይ እየሣሉ ለገበያ አወጡት፤ ብዙውን ጊዜ በ44 ትናንሽ ክፍሎች። ሕዝቡ ለዘንዶው ሲገብር ይጀምራል፤ አንጋቦ መርዝ ሲያዘጋጅ፣ ዘንዶው ሲሞት፣ አንጋቦ ሲነግሥ፤ ከዚያ ማክዳ፣ ሰሎሞን፣ ምኒልክ። ዓይን ሳይነቀል ከዘንዶው እስከ ምኒልክ ባንድ መስመር ይፈሳል። ሥዕሉ ያማረ ነው። ግን ለዘንዶው የተሰጡት ልጆች በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ታይተው ይጠፋሉ፤ በቀሩት ሁሉ የሚያስታውሳቸው የለም።

3. ዛፍ ላይ ያደረችው

አሁን ወደ ሌላው አተራረክ እንምጣ። ጀርመናዊው ሊቅ ኤኖ ሊትማን በ1904 (እ.ኤ.አ.) የሳባን ንግሥት ተረት በትግረ ቋንቋ እንደተነገረ አሳተመው። በዚህኛው አንጋቦ የለም፤ ውልም የለም። ያለችው አንዲት የትግራይ ልጅ ናት፤ እቴየ አዜብ ይሏታል። ያገሩ ሰው ዘንዶ ያመልካል፤ እያንዳንዱ በየተራው የበኩር ሴት ልጁን ከጠጅና ከወተት ጋር ያቀርባል። የሷ ወላጆች ተራ ደረሰ። እናትና አባቷ ወስደው ከዛፍ ጋር አሰሯት።

ሰባት ቅዱሳን መጥተው ከዛፉ ጥላ ሥር ተቀመጡ። ልጅቷ ስታለቅስ እንባዋ ጠብ አለባቸው። ቀና ብለው አዩዋት፤ ነገሯን ጠየቋት፤ ነገረቻቸው። ዘንዶው ሲመጣ በመስቀል መትተው ገደሉት። ያን ጊዜ ደሙ ተረከዟ ላይ ተንጠባጠበና እግሯ የአህያ ኮቴ መሰለ። ቅዱሳኑ ፈትተው ወደ መንደርሽ ሂጂ አሏት።

ከዚህ በኋላ ያለውን ነው ልብ ማለት የሚገባን። ልጅቷ መንደሯ ገባች። ሰዎቹ ግን ደስ አላላቸውም። ከዘንዶው አምልጣ የመጣች መሰላቸውና አባረሯት። ዛፍ ላይ ወጥታ አደረች። በማግሥቱ ሰዎቹን ወስዳ የሞተውን ዘንዶ አሳየቻቸው። ያን ጊዜ አለቃቸው አደረጓት። እሷም ሹሟን ስትመርጥ እንደሷ ያለች ሌላ ልጃገረድ መረጠች። ወደ ሰሎሞን የሄደችውም ከዚህች ጓደኛዋ ጋር ጠጉራቸውን እንደ ወንድ ተቆርጠው፣ ሰይፍ ታጥቀው፣ እግሯ ይፈወስ ዘንድ ነው።

ሁለቱን አተራረኮች ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። በአንደኛው ገዳዩ ይነግሣል፤ በሁለተኛው ልትበላ የነበረችው ትነግሣለች። በአንደኛው ሥልጣን የሥራ ዋጋ ነው፤ በሁለተኛው ቅዱሳኑ ገድለው መንገዳቸውን ሲቀጥሉ የቀረችው የዛፉን ገመድ በገላዋ የምታውቀው ልጅ ናት። ደግሞም የመጀመሪያው ተረት ፈጽሞ ያላነሳውን ነገር ሁለተኛው ያነሳል፦ ነፃ የወጣ ሰው ነፃ ያልወጡትን ያስፈራቸዋል። መንደሩ ልጅቷን ያባረራት ክፉ ስለሆነ ብቻ አይመስለኝም። እሷ ካመለጠች ዘንዶው ተቆጥቶ ወደነሱ ይመጣላ! ግብር የለመደ ሰው የሚሰጋው ግብሩ ሲጓደል ነው።

ይህችን ልጅ ሌላ ቦታም እናውቃታለን። በየቤተ ክርስቲያኑ የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ላይ ዛፍ ላይ ወጥታ የምትታየው ብሩታዊት አለች። ዓይናችን ሁልጊዜ የሚሄደው ወደ ነጩ ፈረስና ወደ ጦሩ ነው። እሷ ጥግ ላይ ቅርንጫፍ ይዛ ትመለከታለች። ምን አየች? ምን አሰበች? ጠይቀናት አናውቅም።

4. ግብሩስ?

ይህ ሁሉ ለኛ ምናችን ነው የሚል ይኖራል። በዚህ ግቢ ከኛ በፊት የተማሩት የካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» እያሉ አደባባይ ሲወጡ ዘንዶው ማን እንደሆነ አልጠፋቸውም ነበር። የገባሩ ኑሮ የአደባባይ ምስጢር ነው። 1966 መጣ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ፤ የሰሎሞን ዘር አንቀጽም አብሮ ወረደ። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ፤ ጭሰኝነት በሕግ ቀረ። ዘንዶው በርግጥ ቆስሎ ነበር፤ ይህን መካድ ለገበሬው አለመታመን ነው።

ግን ከዚያው ዓመት ኅዳር 14 ቀን ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎች ያለ ፍርድ ተረሽነዋል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ዘመን ደግሞ ተራ የደረሰበት ቤት ሁሉ ልጁን ሰጠ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ተማሪዎች ነበሩ፤ ዘንዶውን ለመግደል አስቀድመው የጮኹት ራሳቸው። አልጋው ላይ የተቀመጠው ሰው ተለወጠ፤ ግብሩ አልቀረም። ያን ጊዜም ዘንዶውን ለሚገድል ሁሉን ለመስጠት የተዘጋጀ ብዙ ነበር፤ ከግድያው በኋላ ሥልጣን በምን እንደሚታጠር ግን የተቆረጠ ነገር አልነበረም። የአንጋቦ ሰዎች የገቡት ውል ይህ ነበር።

ስለዚህ ዛሬ አንድ ጓደኛችን የአርዌን ተረት አንስቶ «በኔ ድርሰት ዘንዶው እገሌ ነው» ቢለኝ አዲስ ነገር ሠራህ አልለውም። የዘንዶውን ስም መቀየር የቀደሙት ሁሉ ያደረጉት ነው። ለቅዱሳኑ ተራኪ ዘንዶው ጣዖት ነበር፤ ለኋለኛው ሰው ባላባት፤ ከሱ በኋላ ለመጣው ደግሞ ደርግ። ስሙ በተቀየረ ቁጥር ገዳዩ ያው ጀግና፣ ሕዝቡ ያው አጨብጫቢ፣ ልጅቷም ያው ዝምተኛ ሆና ቀርታለች። እኔ ብጽፈው የምጀምረው ዘንዶው ከሞተ በኋላ ነው። ሌሊቱን፣ ዛፉ ላይ። ከታች መንደሯ በሩን ዘግቷል። ዘንዶው ሞቷል፤ ይህን የምታውቀው ግን እሷ ብቻ ናት። እናቷ ከነዚያ ከተዘጉ በሮች ካንዱ በስተጀርባ ተኝታለች፤ ወይም አልተኛችም። ነገ ሬሳውን ታሳያቸዋለች። ካሳየቻቸው በኋላ ግን ካሰሯት ሰዎች ጋር እንዴት ትኖራለች? ትበቀላለች? ወይስ እንዳልሆነ ታልፈዋለች? ሊትማን ባሳተመው ተረት የሰጠችው አንድ መልስ አለ፤ እንደሷ ያለችን ልጅ ከጎኗ አስቀመጠች። ሌላውን እኛ ልንሞላው ነው።

5. እንዴት እንምረጥ?

«ተረት የአባቶች ቅርስ ነው፣ አይነካም» የሚሉ አሉ። ክብራቸውን ሳልነካ የምመልሰው ይህ ነው፦ አባቶችም ነክተውታል። ከውጭ የመጡት ቅዱሳን ወደ አክሱም የገቡት በ5ኛው መቶ ዘመን መጨረሻና በ6ኛው (እ.ኤ.አ.) እንደሆነ ይነገራል፤ ሰሎሞን የነገሠው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ10ኛው መቶ ዘመን ነው። በመካከላቸው ከ1400 ዓመት ያላነሰ አለ። ተራኪው ግን ባንድ ምሽት አገናኛቸው፤ ምክንያቱም ልጅቷን ማዳን ነበረበት። ተረት የሚሞተው ሲነካ አይመስለኝም፤ የሚሞተው አንድ አተራረክ ብቻ ቀርቶ ሌሎቹ ሲረሱ ነው።

ይሁንና እንዳሻን እንለውጥ ማለት አይደለም። ከመለወጥ በፊት ማወቅ ይቀድማል። መንግሥቱ ለማ የአባታቸውን የአለቃ ለማ ኃይሉን ትዝታ ከአንደበታቸው እንደወረደ ጽፈው በ1959 ዓ.ም. ሲያሳትሙ የንግግሩን ጠረን አላጠፉትም። እኛም ተረት ልንጽፍ ስንነሳ የመጀመሪያው ሥራችን ጆሮ መሆን አለበት። በዕረፍት አገር ቤት ስንገባ አያትን፣ አክስትን፣ የሠፈር ሽማግሌን አንድ ተረት ብቻ እንጠይቅ፤ ቀጥሎ ያንኑ ተረት ሌላ ሰው እንጠይቅ። ሁለቱ የማይገጥሙበትን ቦታ ካገኘን የምንፈልገውን አገኘን።

የማይገጥመው ቦታ ከተገኘ በኋላ ሦስት ነገር ብንጠይቅ ይበቃናል እላለሁ። ይህን ተረት እስካሁን ሲተርክ የኖረ ማነው፣ ምንስ አተረፈበት? በተረቱ ውስጥ እየታየ የማይናገር ማነው? ተረቱ «አለቀ» በሚልበት ቦታ ላይ ያላለቀው ምንድን ነው? ለሦስቱም መልስ የሌለው ተረት ለልጆች ማስተኛ ደግ ነው፤ እንደ አዲስ ለመጻፍ ግን ጊዜው አልደረሰም።

በዚህ መጽሔት በሚቀጥለው እትም የተረት ድርሰት ለማቅረብ ያሰባችሁ ካላችሁ የመረጣችሁትን ተረት ከማን እንደሰማችሁትና ሌላው ሰው በምን እንደለየው ከድርሰቱ ጋር ብትጽፉ ለሁላችን ትምህርት ይሆነናል። የአርዌን ተረት ከዚህ ለየት አድርጎ የሰማ ካለ ደግሞ አደራ፣ ይምጣ። ባገራችን ተራኪ ሲጨርስ «ተረቴን መልሱ» ይላል፤ ዳቦውን ትቼ እኔም የምለው ይህንኑ ነው።